ሙሽሪት ክፍል የገባው ኬብል

ክሊኒክ ገብቼ ነርሷ ክንዴን በአልኮል ስትጠርግልኝ፣ ሌላው ሰው መርፌውን እያሰበ ሲጨነቅ እኔ እናቴን ፍለጋ ዞር ዞር እላለሁ። ልጅ ሳለሁ አቃቂ ቤታችን ውስጥ የእናት ሽታ ማለት የአልኮል ሽታ ነበር። እናቴ ሰዓዳ የስልክና የኢንተርኔት ኬብል ከሚዘረጋ ድርጅት ጋር ትሠራ ነበር፤ ኬብሉ ውስጥ ያሉትን እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች በአልኮል ጠርጋ፣ ጫፍ ለጫፍ ገጥማ፣ በትንሽ ማሽን እያቀለጠች ትቀጥላቸዋለች።

የሌላ ሰው ልጆች እናታቸው ከሥራ ስትገባ ሮጠው ይጠመጠሙባታል፣ እኛ ግን ይህ ተከልክለን ነበር። የክሩ ስብርባሪ ልብሷ ላይ ቀርቶ እንዳይወጋን፣ መጀመሪያ በር ላይ እጇን ዘርግታ ትቆምና እኔና ታናሽ ወንድሜ በሚለጥፍ ፕላስተር እጅጌዋንና ቀሚሷን እየተጫንን እናጸዳት ነበር። ወንድሜ ፕላስተሩን ወደ አምፖሉ ያነሣና ለእኛ የማይታየን ስብርባሪ እንዳገኘ እየማለ ይፎክራል። ሽንኩርት መክተፍና ቃሪያ መሰንጠቅ ደግሞ የአቃቂ ሳሪስ ሚኒባስ የሚነዳው የአባቴ ድርሻ ነበር፤ እናቴ የጣቷ ጫፍ ከተቃጠለ ክሩን መያዝ እንደማትችል ነግራው ነበርና። እውነት ይሁን ሰበብ እስከ ዛሬ አላወቅንም።

ክረምት ሲገባ የሰፈራችን ጥቁር ጭቃ ጫማ ይዞ አይለቅም ነበር፣ የኬብሉ ጉድጓዶችም ውኃ ይሞሉና የእናቴ ስልክ ዕረፍት ያጣል። ምሳ ቀርቦ፣ እጃችንን ታጥበን፣ ቢስሚላህ ልንል ስንል ይጠራል፤ የጎማ ቦት ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። በዚህ ከሁላችንም በላይ የምትናደደው አክስቴ ሐያት ነበረች። ሐያት የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ እናታቸው ወሎ ላይ ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ስለነበረች እናቴ አምጥታ ከእኛ ጋር አሳደገቻት። «ይቺን ስልክ አንድ ቀን አቃቂ ወንዝ ነው የምከታት!» ትል ነበር፣ የእናቴን ሳህን እየከደነች።

መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠነክር ቁፋሮው ወደ እኛ መንገድ መጣ። ኬብሉ በደጃችን ሲያልፍ እናቴ ራሷ ቆማ አስቀበረችው፣ እኛም ልጆቹ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ኢንተርኔት ባለቤት የሆንን ያህል በአፈሩ ላይ እየተንጎራደድን እንሄድ ነበር። የእድራችን የድንኳን ኃላፊ ጋሽ ተሾመ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ መካኒክ ነበሩ፤ እሳቸውም ቁፋሮውን ጎንበስ ብለው አይተው ጥሩ ጥልቀት አለው ሲሉ አጸደቁት።

ጥር ላይ ሐያት ተዳረች። ሙሽራው ኮምቦልቻ የሚነግድ ስለነበር ይዟት ሊሄድ ነው፤ ያን ቀን ከቤታችን ከወጣች በኋላ መቼ እንደምትመለስ አይታወቅም። ጠዋት እጇና እግሯ በሂና አምሮ፣ መንገዱን በሚያየው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ እናቴን ያዘቻት።

«እትዬ፣ ዛሬ እንኳ አጠገቤ ቁጭ ትያለሽ?»

«ወላሂ እቀመጣለሁ!» አለች እናቴ፣ ይህን እያለችም የጠፋ ጭልፋ ፍለጋ ወጣች። እንዲህ ሆኖ ረፈደ። ቁጭ ልትል ስትል ወይ ከወጥ ቤት ይጠሯታል፣ ወይ የሩቅ ዘመድ ይመጣል፤ ሐያት ከበሩ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ዋለች።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሣ። ጋሽ ተሾመ እሳቸው የተከሉት ድንኳን ወድቆ አያውቅም ነበር፣ ደጃችን መንገዱ ላይ የቆመው የሠርጉ ድንኳን አንዱ ጥጉ ሲርገበገብ ቢያዩ ደማቸው ፈላ። የእድሩ ካስማ አጭር ነው፣ ከተቀበረው ኬብል አይደርስም፣ ስለዚህ ማንም ስጋት አልነበረበትም። እሳቸው ግን የዚያን ዕለት ከኮንዶሚኒየም ግንባታ የተረፈ ረጅም የፌሮ ብረት አመጡና በመዶሻ እስኪበቃቸው መቱት። ብዙም ሳይቆይ የሰዉ ሁሉ ስልክ ጸጥ አለ። እንግዳው ስልኩን ወደ ላይ እያነሣ እንደ ልማዱ ኔትወርኩን አማና ወደ ምግቡ ተመለሰ።

የእናቴ የሥራ ባልደረባ ዳኜ በፒክአፕ ደርሶ ዘሎ ሲወርድ ነገሩ ገባን። «ሰዓዳ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዋናው መስመር ተበጥሷል። ክሊኒኩም ቆሟል፣ ካንቺ ሌላ የሚቀጥል ሰው አላገኘሁም» አላት። እናቴ የሠርግ ልብሷን እንደለበሰች ወደ ሙሽሪት ክፍል ገባች። ሐያት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ሂጂ። ግን አንቺ ሳትመጪ ሙሽራው ቢመጣም፣ ንጉሥ ቢመጣም ከዚህ አልወጣም።»

ሰርገኛው ለአስር ሰላት፣ አስር ሰዓት ገደማ ሊደርስ ነበር፤ የተበጠሰ መስመር ፈልጎ መቀጠል ደግሞ እስከ ማታ ሊወስድ እንደሚችል እኛ ቤት የማያውቅ የለም። አባቴ ከበር እስከ መንገድ ይመላለስ ጀመር፣ እኔም ተከትዬው ሳለ ዳኜን ከሩቅ አየሁት። መስመሩ ከሚነሣበት ጣቢያ ሄደው ወደ ኬብሉ ብርሃን በሚልክ መሣሪያ ብልሽቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተው ነበር፤ አሁን ዳኜ ርቀት የሚቆጥር ባለ እጀታ ጎማ እየገፋ ኬብሉ የተቀበረበትን ይዞ ይመጣል፣ እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላው ትራመዳለች። ወፍጮ ቤቱን አለፉ፣ የባጃጅ ተራውን አለፉ፣ በእኛ መንገድ ታጠፉ፣ ድንኳን ውስጥም ገቡ። እንግዶቹ እግራቸውን ሰበሰቡ። ጎማው ጋሽ ተሾመ እግር ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ ፌሮ የማነው?» አለ ዳኜ።

ጋሽ ተሾመ ወደ ሰማይ ቀና አሉ። «የነፋሱ ነው።»

እናቴ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፣ ሳቋ ቀደማት። ፌሮው ተነቀለ፣ ለሠርጉ ኮት የለበሱ ወንዶች አካፋ ያዙ፣ ጋሽ ተሾመም ማንም ሳያዝዛቸው የድንኳኑን ገመድ ክንዳቸው ላይ ጠቅልለው በካስማው ፈንታ ቆሙ። ክሩን ለመቀጠል ነፋስና አቧራ የሌለበት ቦታ ያስፈልጋል፣ ከሙሽሪት ክፍል የተሻለ ደግሞ አልተገኘም። ደጃችን ባለው የኬብል ጉድጓድ ውስጥ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ትርፍ ኬብል ስበው የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች በመስኮት አስገቡ። እናቴ ሽቶና ኩሉን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች፣ ማሽኗን አስቀመጠች፣ ከሐያት አጠገብም ተቀመጠች።

ሰርገኛው ከበሮ እየመታ ደረሰ። ሌላ ጊዜ ልጃገረዶች በር የምንይዘው ለጨዋታ ነበር፣ ያን ቀን ግን በእውነት ያዝን። «ከበሮውን አቁሙ፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል!» ብዬ ጮህኩ፤ እነሱም አዲስ ዓይነት በር መያዣ መስሏቸው ሳቁ። አባቴ ወጥቶ ሲያስረዳቸው ሙሽራው እንግዶቹ መሐል ወንበር ተሰጥቶት፣ አንገቱን እያሰገገ ጠበቀ።

ወሬ ለማምጣት ወደ ውስጥ ስገባ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ነበር። እናቴ ዓይኗን ከክሩ ሳታነሣ ስለ እናታቸው ታወራለች፤ እንዴት ትስቅ እንደነበር፣ ሐያትን አዝላ ገበያ እንዴት ትወርድ እንደነበር። ሐያት በሂና ባማረ እጇ ጨርቁን አልኮል እየነከረች ታቀብላታለች። «ይህን ነግረሽኝ አታውቂም» ስትል ሰማኋት። እናቴ እንባዋን በትከሻዋ ጠረገች፣ ሌላ ክር አነሣች፣ እኔም በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁት።

የመጨረሻው ክር ሲቀጠል ድንኳኑ ውስጥ ያለው ስልክ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ፣ ለሙሽሪት ይሁን ለኔትወርኩ የለየ የለም። ሐያት የእናቴን እጅ ይዛ፣ እየሳቀች ወጣች።

ዛሬ እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ፋይበሩ ሳሎኔ ድረስ ገብቷል፣ ሐያትም ከኮምቦልቻ በቪዲዮ እየደወለች ልጆቿን ታሳየናለች። ያገባሁት ባለፈው ዓመት፣ ሳሪስ አካባቢ ባለ አዳራሽ ነው። ሁሉም በሰዓቱ ሆነ፤ ምግቡ አልጎደለም፣ ነፋስ አልገባም፣ ስልክም አልተቋረጠም። እናቴ በቀሚሷ አምራ ከመጀመሪያው እንግዳ እስከ መጨረሻው ቁጭ ሳትል ስታስተናግድ ዋለች። በሰው ራስ ላይ አሻግራ እጇን አወዛወዘችልኝ፣ እኔም አወዛወዝኩላት። ደስ የሚል ሠርግ ነበር። የመኪናው በር ሲዘጋ ግን፣ ምነው ዛሬም አንድ ነገር በተበጠሰ አልኩ።