ዘይነባ ኳሱን ስትይዝ

ባለፈው ሰሞን ከወልቂጤ ተነስቼ ቡታጅራ፣ ጋሽ ሸምሱ ቤት ለቅሶ ደረስኩ። ከለቀስተኛው ጋር ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥኩ ከጥግ በኩል የአቡጀዲና የስፌት መኪና ዘይት ሽታ መጣብኝ፤ ቀና ስል የሟቹ የጋሽ ሸምሱ ስፌት መኪና አንሶላ ለብሳ ቆማለች። ሰው ስለ ቀብሩ ያወራል፤ እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄዷል፤ ይህ ከበሩ ፊት ያለው መንገድ ገና ድንጋይ ሳይነጠፍበት፣ ባጃጅ የሚባል ነገር ሳይታወቅ፣ ከትምህርት ቤት መልስ አቧራው የእኛ ብቻ ወደነበረበት ዘመን።

ያኔ እኛም እዚሁ ቡታጅራ ስንኖር፣ ጋሽ ሸምሱ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበሩ። እኛ ከየቤታችን ካልሲ እንሰርቃለን፤ እሳቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ቁርጥራጭ ጨርቅ ይጠቀጥቁበትና አፉን በወፍራም ክር ይሰፉልናል፤ ያ ኳሳችን ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው አስተማሪው አባቴ፣ አንድ እግር ካልሲ በጠፋበት ቁጥር «የዚህ አገር ሌባ ምን ዓይነት ነው፣ አንዱን ብቻ ወስዶ ምን ያደርግለታል?» እያለ ይገረም ነበር። ጎላችን ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። በገበያ ቀን በርበሬ የጫነ ጋሪ ወይም ቆጮ የተሸከሙ ሴቶች ሲመጡ ሁላችንም ባለንበት ቀጥ እንላለን፤ ካለፉ በኋላ ኳሱ ማን እግር ሥር እንደነበረ ስንጨቃጨቅ ደግሞ ሌላ ጋሪ ይመጣል። ዝናብ ከጣለ ኳሱ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል፤ በቴስታ የመታው ልጅ እስኪመሽ ራሱን ይዞ ይውላል።

ከመካከላችን ሴት ልጅ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የጋሽ ሸምሱ የበኩር ልጅ፣ ዘይነባ። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስርና ኳሱን በውስጥ እግሯ ረግጣ ትቆማለች። አትሮጥም። ልነጥቅ ብሎ የሚመጣውን ልጅ ዝም ብላ ታየዋለች፤ ሲወረወርባት ኳሱን ትንሽ ብቻ ገፋ አድርጋ በጎኑ ታልፈዋለች፤ እሱ አቧራ ላይ ተዘርግቶ ሲነሳ እሷ ጎል አግብታ እየተመለሰች ነው። ቡድን ስንከፋፈል መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ነበረች።

ከዚያ እናቷ ታመሙና አልጋ ያዙ። ቤቱ በዘይነባ ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ትንሹን ወንድሟን አዝላ፣ በረንዳው ላይ ምስር እየለቀመች ታየን ጀመር። ዓይኗ ግን ከኳሱ ጋር ይሄዳል። አንድ ቀን ጋሽ ሸምሱ መኪናቸውን አቁመው ተነሱ፤ ሕፃኑን ከጀርባዋ ፈትተው ታቀፉትና፣

«ሂጂ፣ ተጫወቺ» አሏት።

«ምስሩስ?»

«ምስሩን እኔ እለቅማለሁ።»

የመግሪብ አዛን እስኪሰማ ተጫወተች። ያን ቀን ማን እንዳሸነፈ አላስታውስም፤ የማስታውሰው ጋሽ ሸምሱ ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ ምስሩን ረስተው፣ ሲያዩዋት ነው። ብዙም ሳይቆይ አክስቷ ከገጠር መጣችና «ልጅቷ ደርሳለች፣ ከወንድ ጋር መንገድ ላይ ምን ትሠራለች?» አለች። ዘይነባም ተመልሳ አልመጣችም። አባቴም ወደ ወልቂጤ ተዛወረና እኛም ዕቃችንን ጭነን ሄድን።

ለቀስተኛው ቀለል ሲል ዘይነባ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። የልጆች እናት ሆናለች፤ ፊቷ በለቅሶ አባብጧል።

«አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» አልኳት።

«አሚን። እንኳን መጣህ።»

ጥግ ወዳለችው መኪና እያየሁ፣ «እንዳንቺ ኳስ የሚጫወት ልጅ እኮ ከዚያ ወዲህ አላየሁም» አልኳት።

ቀስ ብላ ዞረችብኝ። «አባባ የሚለው እውነት ነው እንዴ?»

«ምን ይሉ ነበር?»

«ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትበልጪ ነበር ይለኛል። አልጋ ላይ ውሎ እንኳ ይህንኑ ነው የሚያወራው። መጫወቴንስ አልረሳሁም፤ ጎበዝ መሆኔን ግን… አባት አይደል፣ ሊያስደስተኝ ነው እል ነበር። እናንተ አንድ ቀን ብላችሁኝ አታውቁም።»

እውነቷን ነው። ወደየቡድናችን ልንወስዳት ተጣልተንባታል፣ ተደባድበንባታል፤ ጎበዝ ነሽ ያላት ግን አልነበረም። ስለዚህ ያን ጊዜ መባል የነበረበትን ሁሉ እዚያው ለቅሶ ቤት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኳት፤ ስለ ኳስ አረጋገጧ፣ ስለ ትዕግሥቷ፣ አባቷ ምስሩን ረስተው ስላዩዋት ቀን። እሷም ስለማታውቃት ልጅ እንደሚነገራት ሰው አንገቷን ደፍታ ሰማችኝ።

«ትንሽ ቀደም ብለህ በመጣህ» አለች በመጨረሻ፣ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ ይዛ። «እኔ እኮ ‹አባባ፣ ውሸትህን ነው› እንዳልኩት ነው የሞተው።»