ሲጮህ የኖረው ወንድሜ

ረቡዕ፣ ቃሊቲ መናኸሪያ

ወንድሜን ታምራትን ካየሁት ሦስት ዓመት አልፎኛል። ረቡዕ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቃሊቲ መናኸሪያ የተገኘሁት እሱን ከሀዋሳ ይዤ ለመመለስ ነው። ከሁለት ቀን በፊት ሚስቱ አስቴር ደወለችልኝ። "እትዬ ሰናይት፣ ታምራት ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኝቶበታል። አዲስ አበባ ሄደህ ኦፕራሲዮን ካልሆንክ አትድንም ብለውታል። እሱ ግን እምቢ አለ። ምናልባት እርስዎን ቢሰማ ብዬ ነው።" እኔን ሰምቶ እንደማያውቅ ልነግራት ነበር። ከአፌ የወጣው ግን "እመጣለሁ" የሚል ብቻ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት የሦስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ።

ረዳቱ "ሀዋሳ አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጣራል። ገብቼ ሳይ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ስምንት መቶ ብር ከፍዬ መስኮት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሞልተን ስንወጣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሰማዩ ከብዷል፤ እስከ ሞጆ ድረስ ካፊያ አልተለየንም።

ሾፌሩ መዝሙር ከፈተ። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሰውዬ ዜና እንዲያደርግላቸው ጠየቁ። ዜናው ሲጀምር ደግሞ ሌላው "ይኼን ውሸት ዝጋልን!" ብሎ ጮኸ። ከኋላዬ ያሉት ሁለት ጎልማሶች በእንግሊዝ ኳስ ተጣልተው፣ ቲማቲምና ሽንኩርት በየሳጥኑ የተደረደረባትን መቂን እስክናልፍ ድረስ አልታረቁም። አንደኛው የአንገቱ ሥር ተገትሮ "እሞትለታለሁ!" ሲል ዞር ብዬ አየሁት። ታምራትን መሰለኝ።

ባቱ ላይ ለምሳ ቆምን። በመቶ ሃምሳ ብር ሽሮ አዘዝኩና ግማሹን ተውኩት።

ስለ ታምራት

አባታችን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ወደ ሀዋሳ ሲዛወር እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ታምራት እዚያው ተወለደ። ገና አምስት ዓመት ሳይሞላው አባባ ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም ይወስደው ነበር። አሥራ ስድስት ሲሞላው ከደጋፊዎች ፊት ቆሞ ዜማ የሚያወጣው እሱ ሆነ። ከዚያ ቀጭን ደረት ያ ሁሉ ድምፅ እንዴት እንደሚወጣ አይገባንም። የከተማው ቡድን የተሸነፈ ቀን እራት አይበላም። አንዴ ከሌላ ከተማ ደጋፊዎች ጋር ተደባድቦ የፊት ጥርሱን ሰብሮ መጣ። እማማ ስታለቅስ እሱ ይስቃል።

ሃያዎቹ ውስጥ ሲገባ ፖለቲካ ወሰደው። ፒክአፕ ላይ ቆሞ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ መፈክር ያወጣል፤ ሕዝቡ ይቀበለዋል። በዚያን ሰሞን አንድ ቀን ወጣቶቹን መርቶ ሂሳብ ያስተማረው መምህር ደጅ ሄደና "ከሃዲ!" እያለ ጮኸ። መምህሩ ወር ሳይሞላ ከነቤተሰቡ ከተማውን ለቀቀ። ቆይቶ ታምራት የጮኸላቸው ሰዎች ከሥልጣን ወረዱ፣ እሱም ጥቂት ሳምንት ታሰረ። ከእስር ሲወጣ የጠየቀው አልነበረም። ዓመት ሙሉ ከቤት ሳይወጣ ቆየ።

ከዚያ ተከታዮቹ ነቢይ የሚሉትን ሰባኪ አገኘ። አስቴር ከልጅነቷ ጴንጤ ናት፣ ወላጆቿ ባደጉበት ቤተ ክርስቲያን ታመልካለች። እሱ ግን "የእናንተ ይቀዘቅዛል" ብሎ ከተማው ዳር ቡሹሎ ወዳለው የነቢዩ አዲስ አዳራሽ ሄደ። በሩ ላይ ሰው ያስተናግዳል፣ ጸሎት ሲሞቅ ድምፁ ከሁሉም በላይ ይሰማል።

እማማ ስትሞት ሬሳዋን ተከትሎ እስከ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያናችን በር መጣና አልገባም ብሎ ውጭ ቆመ። እኔ ከለቀስተኛው መሃል ወጥቼ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም" አልኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ይኸው ሦስት ዓመት፣ አልተያየንም።

ከሰዓት፣ ታቦር

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ግድም ሀዋሳ ደረስን። የተሳፈርኩበት ባጃጅ መስታወት በተለጣፊ ፎቶ ተሞልቷል፤ የውጭ ኳስ ተጫዋች፣ እጁን የዘረጋ ነቢይ፣ ከእነሱ ሥር ደግሞ ፊቱ በጥፍር የተቧጨረ የፖለቲካ ሰው።

"ይኼኛው ምን አድርጎህ ነው?" አልኩት ባለባጃጁን።

"ድሮ እንወደው ነበር፣ ማዘር።"

"ታዲያ አትልጠውም?"

"ሞክሬ ነበር፤ ማስቲሹ እምቢ አለኝ" አለና የታቦርን ዳገት ተያያዘው።

ታምራት ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሏል። የአርባ ዓመት ሰው ነው፤ ከሩቅ ሳየው ግን አባባ በመጨረሻው ዓመት የነበረውን መሰለኝ። ሲያየኝ ሊነሳ ሞከረ። ተቃቀፍን። የትከሻው አጥንት መዳፌ ውስጥ ገባ።

"መጣሽ እታለም" አለኝ። ድምፁ አሸዋ ላይ እንደሚጎተት ነገር ነው።

አስቴር ቆጮና በዘይት የተሠራ ጎመን አቀረበችልኝ። "ረቡዕ መሆኑን አስታውሼ ነው" አለች። ለሱ አጥሚት ቀዳችለት። እያንዳንዱን ጉንጭ ለመዋጥ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔም አቀርቅሬ በላሁ።

አመሻሽ ላይ ነገሩን አነሳሁት። የሐኪሙን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠኝ። ድምፅ ማውጫው ሙሉ በሙሉ መነሳት አለበት ይላል።

"ነቢዩ 'ድምፅህን ለአሕዛብ ሰጥቼዋለሁ ይላል ጌታ' ብሎ ትንቢት ነግሮኛል" አለ ታምራት። "ሐኪሙ ደግሞ ልቁረጠው ይላል። የማንን ልስማ?"

"ልጆች የሉህም እንዴ? አስቴርስ?"

"እታለም፣ ድምፄ ከሄደ እኔ ምን ነኝ?" አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ወረቀቱን አጥፌ መልሼ ሰጠሁትና ዕቃ ላጥብ ተነሳሁ።

ዕቃ ሳጥብ አስቴር አጠገቤ ቆመች። "እምነቱን ጠልቼ እንዳይመስልዎት" አለችኝ። "አባቴ ሲታመም የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ጸለዩለት፤ ከዚያ ራሳቸው ደግፈው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ነቢዩን ታከም በልልኝ ልለው ሦስት ጊዜ ሄጄ አላስገቡኝም። እርስዎ ቢሄዱስ?"

ሐሙስ፣ ቡሹሎ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነጠላዬን ለብሼ፣ ማተቤን ሳልደብቅ ሄድኩ። አዳራሹ ከበቆሎና ከእንሰት ማሳ አጠገብ የቆመ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። በር ላይ የቆመች ልጅ ስሜን መዝግባ ቁጥር ሰጠችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ ጠበቅሁ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛለች። "ከሄደ ሁለት ዓመቱ ነው፣ በሕይወት አለ ተብዬአለሁ" አለችኝ። ማን እንዳላት አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ጸሎቱ ተነሳ። ያ ሁሉ ሰው ባንድ ጊዜ ሲጮህ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። ልፈርድ ነበር የሄድኩት። ግን ሳላስበው ዕንባዬ መጣ። የእማማ ነገር፣ የታምራት ትከሻ፣ ሦስት ዓመት የቆለፍኩት ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ሴትዮዋ እጄን ያዘችኝ። ብቻውን ዓመት ሙሉ ቤት የተቀመጠ ሰው እዚህ ቢገባ እንዴት ተመልሶ ይወጣል? ወንድሜ የገባኝ ያኔ ነው፤ ጥቂት ብቻ።

ተራዬ ሲደርስ ወደ ጓዳው አስገቡኝ። ነቢዩ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። የዝንጅብል ሻይ ይጠጣል፤ የሱም ድምፅ ሰልሏል። ተነስቶ አክብሮ ተቀበለኝ።

"ስለ ወንድሜ ስለ ታምራት ነው የመጣሁት" አልኩት።

"የትኛው ታምራት?"

"በሩ ላይ ሰው የሚያስተናግደው። ረጅም፣ ድምፁ ትልቅ የሆነው። ድምፅህን ለአሕዛብ ሰጥቼዋለሁ ብለው የተነበዩለት።"

ወደ ረዳቱ ዞሮ አየው። ረዳቱ ትከሻውን ነቀነቀ።

"ይቅርታ እናቴ፣ ሰው ብዙ ነው" አለኝ። የሚዋሽ አይመስልም፤ ደክሞታል። ሁሉን ነገርኩት። "ይታከም እንጂ! ሕክምና አትሂዱ ብዬ አላውቅም" አለ።

"እባክዎ ይህንኑ በስልክ ይንገሩልኝ። ከእርስዎ ከሰማ ይሄዳል።"

ረዳቱ ጣልቃ ገብቶ ፕሮግራም እንደሚረፍድባቸው ተናገረ። ነቢዩ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። "እጸልይለታለሁ። ስሙን ማን አሉኝ?"

ከአዳራሹ እስከ ታቦር ድረስ ባጃጁ ውስጥ ምን ብዬ እንደምነግረው ሳስብ መጣሁ። ታምራት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

"አገኘሁት" አልኩት። "'ታምራት ልጄ ይታከም፣ እኔ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ጌታም ያውቀዋል' ብሎሃል።"

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ ሻርፑን አስተካክሎ ለአስቴር፣ "ልብሴን አዘጋጂልኝ" አላት። እሷ ወደ ጓዳ ገብታ ስትንሰቀሰቅ ሰማኋት።

ዓርብ፣ መልስ

አስቴር ልጆቹን የምታስጠብቅበት ስላላገኘች እኛ ቀደምን። መናኸሪያ ድረስ ሸኝታን አጥሚት በፔርሙስ አስያዘችን። አርሲ ነጌሌ ስንደርስ ዝናቡ መስኮቱን አለበሰው። ታምራት ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"አያውቀኝም አይደል?"

"ማን?"

"እታለም፣ ከሦስት ዓመት በላይ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። አንድ ቀን ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም። ኳስ ተጫዋቾቹም አያውቁኝም ነበር፤ ፒክአፑ ላይ ያወጡኝም። ድምፁን አውቀዋለሁ አለ ስትዪኝ እንደዋሸሽ ገባኝ።"

"ታዲያ ለምን መጣህ?"

"አንቺ አትዋሺም። ለኔ ብለሽ ከዋሸሽ..." ሳል ያዘው፣ አልጨረሰውም። ትንሽ ቆይቶ፣ "መምህሩን ግን ብታገኚልኝ" አለኝ። "ያኔ የጮህኩበትን። ድምፄ ሳይሄድ አንድ ነገር ልለው ነበር።"

ዝዋይ ሐይቅ እስክንደርስ ለድሮ ጎረቤቶቻችን ስልክ ደወልኩ። መቂ ላይ አንዲቷ መለሰችልኝ። መምህሩ አምና አርፏል አለች። ታምራት ከፊቴ አነበበው። ግንባሩን የፊት ወንበር ላይ አስደግፎ ቢሾፍቱን እስክናልፍ ቀና አላለም።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ገባን። አልጋዬን ለሱ ለቀቅሁለት። ሰኞ ሆስፒታል አስተኙት፤ በሳምንቱ ኦፕራሲዮን ሆነ። ሐኪሙ ቀድሞ ቢመጣ ጥሩ ነበር አለኝ። ስንት ጊዜ እንደቀረው ጠየቅሁት፤ ቁርጡን አልነገረኝም።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርሽ የሚለኝ ቢኖር፣ የወንድሜ ጥፋት አብዝቶ መውደዱ አይመስለኝም። ሲወድ ሁልጊዜ ከማያውቁት ሰዎች ፊት ነበር የሚቆመው፤ የምናውቀው ሰዎች ደግሞ ከሩቅ ሆነን እስኪደክመው ጠበቅነው። የነቢዩን አዳራሽ ስወቅስ የኔ ቤት በር ሦስት ዓመት ተዘግቶ እንደነበር አልረሳም። ይህን ለማወቅ ሀዋሳ ድረስ መሄድ አልነበረብኝም። ግን ሄጄ ነው ያወቅሁት፣ ያውም ዘግይቼ።

አሁን ታምራት ሳሎን ውስጥ ነው፤ አንገቱ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ይተነፍሳል። አስቴር በየቀኑ ከሀዋሳ ትደውላለች። እሷ ታወራለች፣ እሱ ስልኩን በጥፍሩ ይመታል፤ አንዴ ሲመታ አዎ፣ ሁለቴ ሲመታ አይደለም። ትናንት ድርሻውን አጥሚት ይዤለት ስገባ ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

"ኦፕራሲዮን በመሆንህ ተጸጽተሃል?" አለችው።

ጣቱን አንስቶ ብዙ ቆየ። መስመሩ ላይ የሷ ትንፋሽ ይሰማል። አልመታም።

"እሺ" አለች አስቴር። "እሺ የኔ ጌታ፣ ነገ እደውላለሁ።"