ያረጋል ይነሳል ሲል

ያረጋል ሁለት ቃል ነበር ያለው። ይነሳልና ኸላስ። መተማ ዮሐንስ አስፋልቱ ዳር፣ ከእኔ የትራክተር መለዋወጫ ሱቅ ጎን ኮምፒውተር ይጠግናል። የሚድን ማሽን ሲያይ «ይነሳል» ይላል፤ ያለቀለት ከሆነ ከድንበሩ ማዶ በለመደው አረብኛ «ኸላስ» ብሎ ለባለቤቱ ይመልሳል። ሌላ ማብራሪያ የለም። እኔ ወሬ የማልጠግብ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት ለምን እንደ ሰጠኝ ከእግዜር ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክሬያለሁ።

ከጎጃም የወረደው እንደ ብዙው የቀን ሠራተኛ ሰሊጥ ሊያርም ነው። ወባ ከእርሻው ላይ ጣለችው። ሲያገግም ሱዳን ገዳሪፍ ተሻግሮ ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጠረና ሙያውንም ኸላሱንም ይዞ ተመለሰ። የሰው ማሽን ከመክፈቱ በፊት እጁን ይታጠባል። ምነው ብዬ ብጠይቀው «የሰው ቤት አይደል?» አለኝ። ከሱ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ያ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ፍቅርአዲስ የመጣችው ሰሊጥ በሚታጨድበት ሰሞን ነው። ገንዳ ውሃ ከእናቷ ጋር የምትኖር ተማሪ ናት። ላፕቶፑን በነጠላዋ ጠቅልላ ነበር። ስታበራው ጥቁር ገጽ ሆነ፤ ከላይ አንድ መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ከዚያ በኋላ ምንም።

«የወንድሜ ነው» አለች።

ወንድሟ ወንድማገኝ ካርቱም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ለገና መጥቶ ሲመለስ ላፕቶፑን ለእሷ ትቶላት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ የሱዳን ጦርነት መጣና ድምፁ ጠፋ። እናቱ እማማ አሰበች የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ የመጣውን ሁሉ ጠየቁ። አየሁት ያለ የለም፤ ሞተ ያለም የለም። ዘመድ ተሰብስቦ «አልቅሰን እርማችንን እናውጣ» ሲላቸው «ሬሳውን ያየ ይምጣ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። የልጁ ፎቶዎች በሙሉ ያሉት በዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ፍቅርአዲስ ትከፍትላቸዋለች፤ እሳቸውም ያዩታል።

ልጅቷ ለትምህርቷ ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አስፈለጋት። የወንድሟ ነገር እንዳይነካ ብላ ላፕቶፑ ላይ ሳይሆን ከጓደኛዋ በተዋሰችው የውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ጫነችው። ሠራላት። ጓደኛዋ ዲስኳን ይዛ ጎንደር ስትሄድ ግን ላፕቶፑ አልነሳም አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ያረጋል ሲነካካው ቆየና «ይነሳል» አለ።

ልጅቷ አላመነችም። እንባዋ ሲወርድ ጊዜ ያ ዝምተኛ ሰው እንደ ምንም ተናገረ። «ቤቱ አልፈረሰም። ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የምትሠራ ማስነሻ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። መንገድ የምትመራው እሷ ናት። አዲሱን ስትጭኚ የሱ ማስነሻ እዚህ ገብታ በአሮጌዋ ቦታ ተቀመጠች። አሁን የምትፈልገው ያንን የሄደውን ዲስክ ነው። መሪዋ እዚህ ቆማ ወደ ጎንደር ትጠቁማለች።»

ፍቅርአዲስ የእናቷን ስልክ ቁጥር ሰጠችው፤ የራሷ የላትም። «ስትጨርስ እኔን አስጠራኝ። ላፕቶፑ እንደ ተበላሸ ግን ለእማዬ አትንገርብኝ፤ ትሞትብኛለች» ብላው ሄደች።

በማግስቱ ያረጋል ማሽኑን ከፍላሽ አስነስቶ ውስጡን ዐየ። ፎቶዎቹ እንዳሉ ናቸው። አሮጌዋን ማስነሻ ወደ ቦታዋ ሊመልስ ሲል መብራት ሄደ። የእኛ መብራት ከሄደ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ልጅቷ እንዳትጨነቅ ደወለ። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ እሰማለሁ።

«እማማ፣ ከመተማ ነው። ፍቅርአዲስ አለች?» አለ። የለችም። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ላፕቶፕ እንዳይል ደግሞ አደራ ተሰጥቶታል። «እንግዲያው የወንድማገኝ ጉዳይ ነው ይበሉልኝ። ደህና ነው። ነገ ይነሳል።»

ስልኩ ተቋረጠ። እሱም ልብ አላለ፣ እኔም ልብ አላልኩ።

በነጋታው መብራቱ መጣ፤ ያረጋልም ሥራውን ጨርሶ ማሽኑን ዘጋው። ረፋዱ ላይ ስልኩ ጮኸ፤ እማማ አሰበች ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቁት። ትንሽ ቆይተው ደጃፋችን ላይ ቆሙ። ንጹሕ ነጭ ቀሚስ የለበሱ እናት፣ በአንድ እጃቸው በጨርቅ የተቋጠረ ድፎ ዳቦ፣ በክንዳቸው የወንድ ጃኬት። ከማለዳ ጀምረው ድልድዩ ላይ ቆመው ተሻጋሪውን ሲያዩ ቆይተው ነው።

«የደወልክልኝ አንተ ነህ ልጄ?»

«አዎ እማማ።»

«ከገዳሪፍ ነው የተነሳው? በጠዋት ተነስቶ ከሆነ እስካሁን መድረስ ነበረበት።»

ያረጋል ወደ እኔ ዞረ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ሲባል ሰምቼ ነበር፤ አፋፉን ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ወንበር አቀረበላቸው፤ እሱ እግራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይነሳል ያልኩት ላፕቶፑን ነው። ተበላሽቶ ነበር። ስለ ወንድማገኝ የማውቀው ነገር የለም።»

«ደህና ነው አልከኝ እኮ።»

«ፎቶው ነው እማማ። ፎቶው ነው ደህና የሆነው።»

ጮኸው ቢሰድቡት በወደድኩ። አልጮኹም። ጃኬቱን ጭናቸው ላይ አጣጠፉና «እስቲ አሳየኝ» አሉ።

እጁን ታጥቦ መጣና ማሽኑን አበራው። ጥቁሩ ገጽ ትንሽ ቆየ፤ እኔ በልቤ ማርያም ማርያም እል ነበር። ከዚያ በራ። ወንድማገኝ በገናው፣ ያንኑ ጃኬት ለብሶ፣ ክንዱን በእናቱ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ ይስቃል።

እማማ አሰበች ብዙ ዐዩት። «አንተ አልዋሸኸኝም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የምፈልገውን የሰማሁ። ቤቱን ጠርጌ፣ አልጋውን አንጥፌ ነው የመጣሁ።» ቋጠሮውን ፈትተው ዳቦውን ቆረሱልን። «ብሉ። ለመንገደኛ የተጋገረ ነው፤ መልሼ አልወስደውም።» በላን።

ሲሄዱ ያረጋል ፎቶውን በትልቁ አትሞ ሰጣቸው። ዘመድ ለለቅሶ ነው ብሎ ተስፋ አድርጎ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ እሳቸው ግን ከልጃቸው አልጋ ትይዩ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት።

ከዚያ ወዲህ ያረጋል ይነሳል ማለት ተወ። ባለ ማሽኑ «ይነሳል ወይ?» ብሎ ቢጨቀጭቀው «ማሽኑ ይሠራል» ይላል፤ ማሽኑ የምትለዋን አይዘላትም። እኔም ቀልዴን በሱ ላይ ቀነስኩ።

ዘንድሮ ሰሊጡ ሲደርስ እማማ አሰበች ላፕቶፑን ራሳቸው ይዘው መጡ። ባትሪው ደክሟል።

«ይነሳል?» አሉት።

ያረጋል ላፕቶፑን ተቀበላቸው። «ማሽኑ... ማሽኑ ይነሳል እማማ» አለ።

«እኔስ ማሽኑን አይደል የጠየቅሁህ» አሉ እጁን መታ አድርገው። «የልጄንማ እግዜርን ነው የምጠይቅ።»

ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ያረጋል እጁን ሊታጠብ ወጣ።