ለአንድ እግር አልቦ የሄድኩት መንገድ

ረቡዕ ጠዋት ከቤቴ ስወጣ አንድ የብር አልቦ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ሁለት ጠገራ ብር በውስጥ ኪሴ ይዤ ነበር። አልቦ ሴቶቻችን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የሚያስሩት ጌጥ ነው፤ የዛሬ ልጆች ስለማታውቁት ነው የምነግራችሁ። ከሟች ሚስቴ ለልጄ የወረደ ጥንድ ነበር፣ አንዱ የለም። የልጄ ልጅ ሀያት እሁድ ልትዳር ነው። በእኛ ዘንድ ሙሽራ በአንድ እግር አልቦ አትወጣም፤ ወይ ሁለቱን ታስራለች፣ ወይ ሁለቱንም ትተዋለች። ከተወችው ደግሞ የባልዮው አክስቶች ዕድሜ ልኳን ያነሱባታል። ጎደሎውን የሚሠራልኝ ሰው ፍለጋ ነው የወጣሁት።

ይሄ ላይ ላዩ ነው። ዋናውን ጉዳይ የሀያት እናት፣ ልጄ ፋጡማ፣ በር ላይ ነገረችኝ።

«ወንድሜን አይላኩ፣ እርስዎ ራስዎ ይሂዱ» አለችኝ። «ሰይድ ዘንድ ይሂዱ። የሚሉትንም ያውቁታል።»

አውቀዋለሁ። ሰይድ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚኖር ብር ሠሪ ነው። የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ፋጡማን ብሎ ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጄን ለጠይብ አልሰጥም» ብዬ መለስኳቸው። እሱ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ውሃ ጠምቶት ጠየቀ፣ በሸክላ ዋንጫ ሰጠነው። ጠጥቶ ሲመልስልኝ ዋንጫውን እፊቱ ድንጋይ ላይ ሰበርኩት። ያኔ እንዲያ ነበር የሚደረገው። ብር የሚያነጥር፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው ይባላል፤ ልጅ አይሰጠውም፣ በጠጣበት አይጠጣም። እጁ የሠራውን ግን ሚስቶቻችን እግርና አንገታቸው ላይ ያስራሉ። ፋጡማን እኔ ለመረጥኩት ነጋዴ ዳርኳት።

እና ፋጡማ አሁን ሄደው «አፉ በለኝ» ይበሉት ነው የምትለኝ። አፉ ማለት ይቅር ማለት ነው፣ የወሎ ሰው ያውቃታል። እኔ በሰባ ስድስት ዓመቴ ለማንም ብያት አላውቅም።

ኮምቦልቻ፣ ረቡዕ

ከገራዶ ደሴ በሚኒባስ ገባሁ። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ቧንቧ ውሃ መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም። ፒያሳ ወርጄ ሻይ በዳቦ በላሁና የኮምቦልቻ መኪና ውስጥ ገባሁ። ኮምቦልቻ ሌላ ሠሪ ካገኘሁ የሰይድን ፊት ሳላይ እመለሳለሁ ብዬ ነው። እልህ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ረዳቱ ከታሪፉ አስበልጦ ጠየቀኝ።

«ታሪፉ ይኸው ተለጥፎ የለም እንዴ?» አልኩት።

«አባባ፣ እሱ የተለጠፈው ነዳጅ በነበረ ጊዜ ነው» አለኝ። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ከፈልኩ።

መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ጠመዝማዛ። ጭነት መኪናዎች እያቃሰቱ ሽቅብ ይመጣሉ፣ የእኛ ሹፌር በመታጠፊያው ላይ ይቀድማል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ፌስታል አፏ ላይ ይዛ «ያ ረቢ» ትላለች። ደሴ ላይ የለበስኩትን ጋቢ ኮምቦልቻ ስንደርስ አጥፌ ብብቴ ስር ከተትኩት። ሙቀቱ ሌላ አገር ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ወርቅ ቤት ገባሁ። መስታወቱ ውስጥ ሁሉ ነገር ያብረቀርቃል። ሻጯ ልጅ እግር ናት።

«አባባ፣ ለእናታችን ነው ወይስ አዲስ ሙሽራ አገኙ?»

«እናታችሁ ከሞተች ቆየች። አልቦ አሳዪኝ።»

አወጣችልኝ። ጠገራዬን በአንድ እጄ፣ የሷን በሌላው ያዝኩት። የሷ እንደ ገለባ ነው።

«ይሄ ብር ነው?»

«ብር ቅብ ነው አባባ። ማን ያውቅብዎታል?»

«እግሯ ያውቃል። ወር ሳይሞላው አረንጓዴ ያደርጋታል።»

«ወር ምን አነሰው? ሰርጉ እኮ አንድ ቀን ነው!» ብላ ሳቀች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ እኔ ግን ሳልሰናበታት ወጣሁ።

ከገበያው ጀርባ ድሮ ብር ይሠራ የነበረ ሽማግሌ አለ ብለው ጠቆሙኝ። በሩ ላይ ልጆቹ የመስኮት ብረት ይበይዳሉ። አልቦውን ተቀብሎ ዓይኑ ድረስ አስጠጋው።

«ይሄን የሠራው የሰይድ አባት ነው። ሂድ ልጁ ዘንድ።»

«ሌላ የሚሠራ የለም?»

«ሞልቷል። መቃብር ውስጥ።»

ከዚያ በኋላ ምን ቀረኝ? ከመንገድ ዳር ቤት ፍርፍር በላሁ፣ በርበሬ ብቻ ነው፣ ዋጋው ግን የሥጋ ነው። ወደ ደሴ ሽቅብ ተመለስኩና ፒያሳ አልጋ ያዝኩ።

ቧንቧ ውሃ፣ ሐሙስ

የሰይድ ቤት ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ገና ከበሩ ስደርስ አወቀኝ። ሸብቷል።

«ደህና አደሩ፣ ይግቡ» አለ። ሌላ የለም። የቤተሰብ ደህንነት እንኳ አልጠየቀኝም።

ጨርቁን ፈትቼ አልቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ፤ ለእሁድ ሙሽራ ጥንዱን እንዲሠራልኝ ነገርኩት። ገለበጠው፣ በጥፍሩ ውስጡን ዳሰሰው።

«የአባቴ እጅ ነው። ሁለተኛው የት ሄደ?»

«ጠፋ።»

«አልቦ ቁልፉ ሳይነቀል ከእግር አይወጣም። እንዴት ጠፋ?»

ጨርቁን አጠፍኩ፣ መልሼ ዘረጋሁ። እሱ ቸኩሎ አያውቅም መሰለኝ።

«የፋጡማ ባል ነቅሎ ሸጠው» አልኩ በመጨረሻ። «ሽጦት በዚያው ቀረ። ልጇ የሁለት ዓመት ሆና ነው።»

እኔ የመረጥኩት ባል ነው። እሱም ያውቀዋል፣ ግን አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሙሽራዋ የፋጡማ ልጅ ናት?»

«አዎ።»

«እግሯን ለክተው መጥተዋል?»

አልለካሁም። አንድ አልቦ ካየ ሌላውን ይሠራዋል ብዬ ነው፣ የእናቷ እግር ለልጅቷም የሚሆን መስሎኝ። ራሱን ነቀነቀ። ስልኬን ተቀብሎ ከሀያት ጋር ተነጋገረ፤ ክር እንድታዞር፣ ክሩን በማስመሪያ እንድትለካ ነገራት። የሀያት እግር ከእናቷ ይሰፋል። አሮጌውም ጫፉ ተላቆ ሊሰፋ ነው ማለት ነው። ከጀርባ የፋጡማ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰይድ «እሺ፣ መብሩክ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ካርቶን ቀዶ በእርሳስ ሣለ። አሮጌው ላይ የተበየዱትን ጥቃቅን የብር ፍሬዎች ቆጠረ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ዘጠኝ ዘጠኝ። የተገመደውን ሽቦ ውፍረት በክር ያዘ። ሥዕሉን ሦስት ጊዜ አጠፋው። ለአንድ እግር ጌጥ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው እላለሁ በሆዴ።

ሲቀልጥ የብሩ ባለቤት እፊቱ መቀመጥ ደንብ ነው፤ ሠሪው ቆርጦ እንዳያስቀር፣ ሌላ እንዳይቀላቅል። ተቀመጥኩ።

«ዓይንዎን እንዳይነቅሉ» አለኝ። «ጠይብ ቤት ነው ያሉት።»

ሁለቱን ጠገራ ማቅለጫው ሸክላ ውስጥ ጨመረ፣ ሸክላውን ከሰሉ መሀል ቀበረው። ድሮ እሳቱ በወናፍ ነበር የሚነፋው፤ እሱ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ቧንቧ ላይ አስሮ በመብራት ይነፋዋል። ብሩ ጠርዙ መዋለል ሲጀምር መብራት ጠፋ።

«ወይኔ! ብሩ ይረጋል!» አለና ከግድግዳው በአንድ እጁ ሁለት የፍየል ቆዳ ወናፍ አውርዶ እግሬ ስር ጣለው። እሱ መቆንጠጫውን እንደያዘ ነው፣ ሊለቅ አይችልም። «ይንፉ!»

አየሁት።

«አባባ፣ ይንፉ እንጂ! ለማን ነው የምሠራው?»

ነፋሁ። አንዱን ስጫን አንዱን መልቀቅ፣ አንዱን ስጫን አንዱን መልቀቅ። ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ፣ አመዱ ጺሜ ውስጥ ገባ። ፀጉር ሊቆረጡ የመጡት ጎረምሶች በር ላይ ተሰብስበው ያያሉ። «ፋዘር፣ ስንት ዓመት ሠሩበት?» ይለኛል አንዱ። ብሩ እንደ ውሃ ሆኖ ሲንቀጠቀጥ አየሁት፤ ሰይድ ነጭ ዱቄት በተነበትና ቆሻሻውን ለቅሞ በብረት ቦይ ውስጥ አፈሰሰው። የጣት ያህል ዘንግ ሆነ።

«አሁን እርስዎም ጠይብ ሆኑ» አለኝ። ጎረምሶቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። ውሃ ስጠኝ አልኩት። ወጥቶ ከሱቅ የታሸገ ውሃ ገዝቶ መጣና ክዳኑን ሳይነካ ሰጠኝ።

«የታሸገ ነው። እጃችን አልነካውም።»

ጠጣሁት። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም። ምሳ ሰዓት ሚስቱ ከጓሮ መሶብ ይዛ ብቅ ስትል በዓይኑ መለሳት። «ከመንገዱ ማዶ ምግብ ቤት አለ» አለኝ። እንግዳን ሳያበላ የሚሰድ የወሎ ሰው አይቼ አላውቅም ልለው ፈለግሁ። አላልኩትም። ያላቀረበልኝ እንዳልመልስበት ነው።

ከሰዓት በኋላ መቀጥቀጥ ነው። ብሩ ሲመታ ይደነድናል፤ ስለዚህ ጥቂት ይመታዋል፣ እሳት ውስጥ ይመልሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋል፣ ይመታዋል። የተረፈውን አቅጥኖ በተበሳ ብረት ውስጥ እየጎተተ ሽቦ አደረገው። ቀዳዳው እየጠበበ ይሄዳል፣ ሽቦው እየረዘመ ይመጣል። ሁለት ሽቦ አብሮ ገመደ። እስኪመሽ ከወገቡ ቀና አላለም።

ዓርብ

ጠዋት ፍሬዎቹን ሠራ። ሽቦውን እየከረከመ ከሰል ላይ ያስቀምጥና እሳት ሲያስነካው ብሩ በራሱ ተንከባሎ ክብ ይሆናል። ይሄን አላህ ነው የሚሠራው፣ ሰው አይደለም። አሥራ ስምንቱን በመቆንጠጫ አንድ በአንድ ደረደረ። ለመበየድ አፉ ላይ ቀጭን ቧንቧ ይዞ የኩራዙን ነበልባል ይነፋበታል። እሳቱ ትንሽ ከበዛ ፍሬዎቹ ሁሉ ቀልጠው አንድ ላይ ይፈስሳሉ፣ የሁለት ቀን ሥራ ገደል ይገባል።

ያን ሰዓት ነው ልናገር የተነሳሁት። ሌሊቱን ቃሉን ሳዘጋጅ አድሬ ነበር።

«ሰይድ፣ ስማኝማ...»

በግራ እጁ ዝም ይበሉ አለኝ። ትንፋሹ ቧንቧው ውስጥ ነው። ሲጨርስ ጁምዓ ደርሶ ነበር፣ ወደ መስጊድ ሄድን፤ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ።

ስንመለስ ሥራው ከእሳቱ ጠቁሮ ነበር። ሎሚና ጨው ባለበት ውሃ ሲቀቅለው ነጣ። በሽቦ ብሩሽ ፈተገው፣ በለሰለሰ ብረት እያሻሸ አበራው። አዲሱ እንደ ወተት፣ አሮጌው እንደ ጭስ ሆነ።

«አዲሱን አጥቁረው፣ እንዲመሳሰሉ» አልኩት።

«አላጠቁርም።»

«ገንዘቡን የምከፍለው እኔ ነኝ!»

«ይክፈሉ። ልጅቷ አዲስ ናት፤ አሮጌ አላስመስልባትም።» ጫፉን ያላቀቀውን አሮጌውን አልቦ እዚያው የሎሚ ውሃ ውስጥ ከተተው። የሚስቴ የአርባ ዓመት እድፍ ውሃው ውስጥ ቀረ። ሲያወጣው የትኛው አዲሱ እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ለእጁ ዋጋ ማንንም የሚያስከፍለውን ጠየቀኝ፣ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ከፍዬ በሩ ላይ ቆምኩ። አፉ የምትለዋ ቃል ምላሴ ላይ ነበረች። እኔ ግን ያልኩት ሌላ ነው።

«እንግዲህ ያኔ የሆነው ያኔ ቀረ።»

«ለማን ቀረ?» አለ። እቃውን መሰብሰቡን አላቆመም። «እኔ ሚስት አለችኝ፣ አራት ልጆች አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ዋንጫውን ረሳሁት ብል እዋሻለሁ፤ ግን የኔ ትንሹ ነው። እቤትዎ ያለችውን ይጠይቋት። በሰላም ይግቡ።»

ቅዳሜ፣ ቤቴ

ከገራዶ ወዲያ ያለውን መንገድ በእግሬ ሄድኩት። ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፣ ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ፋጡማ ጓዳ ጠራችኝ። አልቦዎቹን ተቀብላ በመስኮቱ ብርሃን አየቻቸው። የትኛው አዲሱ እንደሆነ ወዲያው ለየችው፤ እኔ ያልለየሁትን።

«ያልኩዎትን አሉት?» አለችኝ።

«አላልኩትም።»

ሀያትን አስቀምጣ እግሯ ላይ ማሰር ጀመረች። የአንዱን ቁልፍ አስገባች፣ ሁለተኛውን ያዘች።

«እሱ ወዳንቺ መለሰኝ» አልኩ። «ፋጤ፣ አፉ በይኝ።»

እጇ ቆመ። ሀያት እናቷንም እኔንም ታያለች። ከዚያ ቁልፉን አስገባች፣ በጣቷ አዙራ እንደያዘ አየች፣ ተነሳች።

«ሰማሁ፣ አባ» አለችኝና ወደ ሴቶቹ ወጣች።

ሰርጉ አማረ። አክስቶቹ አልቦውን ጎንበስ ብለው ዳስሰው አመሰገኑ፤ ማን ሠራው ሲሉ ፋጡማ ስሙን ከነአባቱ ጠርታ ነገረቻቸው።

ከዚህ ጉዞ ምን ተማርክ ለሚለኝ፦ ብር ሲሠራ ያየሁት በሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ቡዳ አላየሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የዋለ ሰው ነው ያየሁት። ይሄን ለማየት ከገራዶ ደሴ አጭር መንገድ ነበር፤ ባልፈራው ኖሮ ልጄ ሌላ ሕይወት ይኖራት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ከመስጊድ ስመለስ እጠይቃታለሁ። ምሳዬን ታቀርባለች፣ እጄን ታስታጥበኛለች፣ «ሰማሁ፣ አባ» ትለኛለች። አፉ ብዬዎታለሁ አላለችም። እኔ ግትር ነኝ፣ መጠየቄን አልተውም። እሷም የኔ ልጅ ናት። የሚያልቅብኝ ግን የኔ ጁምዓ ነው።