መንደር ማን አላት?

ገጠር ነው የተወለድሽው የሚለኝ ሰው እስከ ዛሬ ደሜን ያፈላዋል። የኔ አገር ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የሚቆምባት ከተማ ናት፤ ትንሽ ብትሆንም ከተማ! በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ሜልበርን ላይ ያገኘኋቸው አሮጊት ግን በዚህ ነገር ከኔ ብሰው ተገኙ።

ያኔ ፍሌሚንግተን የሚባል ሰፈር፣ የመንግሥት ኪራይ ፎቁ ላይ እየኖርኩ፣ በትራም እየተመላለስኩ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ በአስታማሚነት ሺፍት እሠራ ነበር። አሮጊቷ የቼክ ሰው ናቸው። ስትሮክ መትቷቸው እንግሊዝኛው ጠፋባቸው፤ የቀራቸው ቼክኛ ብቻ ነው። እሱንም የሚሰማቸው ስላጡ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ዝም አሉ። ሴት ልጃቸው እሑድ እሑድ እየመጣች አጠገባቸው ትቀመጣለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች ቼክኛ አታውቅም። "አንድ ጊዜ እንኳ ብታናግረኝ" ብላ ስታለቅስብኝ አንጀቴን በላችው።

እኔ ደግሞ በደርግ ጊዜ ለትምህርት ተልኬ ቼኮስሎቫኪያ ኖሬያለሁ። "እናትሽ የት ነው የተወለዱት?" አልኳት። ስሙን እያጣመመች ነገረችኝና፣ "አንዲት መንደር ናት መሰለኝ" አለች። ክው አልኩ! በአውቶቡስ እየሄድኩ ፖም እገዛባት የነበረች ከተማ ናት!

ወደ አልጋው ጠጋ ብዬ በቼክኛ፣ "እትዬ፣ ልጅዎ እርስዎን መንደር ነው የተወለዱት ትላለች፤ እውነት ነው?" አልኳቸው።

ኧረ ተዉኝ! ያ ዝም ያለ አፍ ተከፈተ። "መንደር? መንደር ማን አላት? ንጉሥ ገበያ የፈቀደላትን ከተማ!"

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማቸው! እየተንተባተቡም ቢሆን ኮረብታውንና ጸሎት ቤቱን በሰሜን፣ የዓሣ ኩሬዎቹን በደቡብ፣ ወደ ወንዙ የሚያዘቀዝቀውን አደባባይ መሀል አስቀመጡልኝ። የጨው ነጋዴዎች ያድሩባት ነበር፤ ገበያዋ ረቡዕ ነው፤ ድሮ በሚዛን ያጭበረበረ አደባባዩ ላይ ካለው የድንጋይ ዓምድ ታስሮ ይሰደብ ነበር፤ ከተማዋ ተቃጥላ እንደገና ተሠርታለች። እኔም ዝም አላልኩ፤ "ወንዙማ ምን ወንዝ ነው፣ ዘልዬ የምሻገረው!" አልኳቸው።

"አንቺ በበጋ አይተሽው ነው! በረዶ ሲቀልጥ ድልድይ ይዞ ይሄዳል" ብለው ተቆጡኝ። ቁጣቸው ደስ አለኝ።

ልጃቸው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን እያየች "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለች። አንድም ሳላስቀር ተረጎምኩላት። አበሻዋ ለፈረንጅ እናትና ልጅ አገራቸውን ሳስተዋውቅ፣ እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ደረቴን ነፋው።

"እኔም በቋንቋዋ አንድ ነገር ልበላት፤ አስተምሪኝ" አለችኝ ልጅቷ። "ገበያ ያላት ከተማ ናት" የሚለውን በቼክኛ አስጠናኋት። ምላሷ እየተሳሰረ፣ ፊቷ ቀልቶ፣ እናቷ ጆሮ ሥር ጎንበስ ብላ ተናገረችው።

አሮጊቷ ትክ ብለው አዩዋት። ደህናውን እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ያዙና፣ ለኔ ሳይሆን ለእሷ፣ "አንቺም የዚያው ልጅ ነሽ" አሏት። ልተረጉምላት አፌን ስከፍት፣ ለካ ገብቷት እያለቀሰች ነው።