ዓሣ ነባሪዋን ያባረረው የእኛው ሰው ነው

ዛሬ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ ዋርናምቡል የባሕር ዳርቻ አንዲት ዓሣ ነባሪ ልጇን ይዛ ከፊታችን ሸሸች። ያባረራት ባዕድ ቢሆን ይህን ያህል አልበግንም ነበር።

እናቴ ሐሙስ ወደ አዲስ አበባ ትመለሳለች። ዓሣ ነባሪ ሳታይ እንዳትሄድ ብዬ ከሥራ ኦፍ ወስጄ፣ በማለዳ ከምንኖርበት ከሆፐርስ ክሮሲንግ ተነሳን። የአክስቴ ልጅ ዮናስም ከነድሮኑ ተደረበ።

ዓሣ ነባሪ የሚታይበት የእንጨት ማማ ላይ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አጠገባችን የቆሙ ፈረንጅ አሮጊት ለእማዬ የሩቅ ማያ ባይኖኩላራቸውን አዋሷት። "የት ጋ ነች?" እያለች ስታስተካክል ድሮኑ ተነሳ።

"ዮናስ፣ ክልክል ነው! ሰሌዳው ላይ ተጽፏል!" አልኩት።

"አንድ ደቂቃ ብቻ። አታካብጂ።"

ድሮኑ ዓሣ ነባሪዎቹ አናት ላይ ሲደርስ እናትየዋ ከነልጇ ጠለቀች። ብዙ ጠበቅን፤ አልተመለሰችም።

ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ጥቁር እኛ ብቻ ነበርን። አሮጊቷ ባይኖኩላራቸውን ከእማዬ እጅ ወሰዱ።

"አየሻት እማዬ?"

"ውሃውን አየሁ" አለች። ቀጥላም፣ "ልጇን ይዛ በመሄዷ ደግ አደረገች።"

ስንመለስ ዮናስ ከኋላ ወንበር ቪዲዮውን ሲቆራርጥ ነበር። ዋሽንት ሁሉ ጨምሮበታል፤ ዓሣ ነባሪዋ ሐበሻ ሆና አረፈችው።

ቤት ገብቼ ሳይ ቪዲዮውን ገጹ ላይ ለጥፎታል፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ልብ ሰጥታችሁታል። አልቀየማችሁም፤ አታውቁም ነበር። አሁን ግን አወቃችሁ።

የገዛ ዘመዱ እንዲህ በሰው ፊት ያሳፈረው ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ። ዛሬ ብቻዬን መናደድ አልቻልኩም።