የጉድጓዱ ሰውዬና ሁለት እፍኝ ቡና

ሲፈጥረኝ ተጸያፊ ነኝ። ወጥ ውስጥ የሰው ጸጉር ካየሁ ሰሞኑን ሙሉ ምግብ አይዋጥልኝም። እንዲህ ያለችውን ሴት እግዜር ወስዶ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ አራት ቤት ተከራይ በአንድ ሽንት ቤት የሚጋፋበት ግቢ ውስጥ ጣላት። የሽንት ቤቱ በር የቡና ጆንያ ነው። ወለሉ እርጥብ ጣውላ ነው፤ መሃሉ ላይ ጉድጓዱ አፉን ከፍቷል። ዝንቡ ሰው ሲገባ እንኳ ለመነሳት አይቸኩልም። ውሃ ይዞ መግባት ለአንዳንዱ ተከራይ ውርደት ሳይሆን አይቀርም፤ ያስቀመጠውን አስቀምጦ እያፏጨ ይወጣል። እኔ ትንፋሼን ይዤ ገብቼ ትንፋሼን ይዤ እወጣለሁ።

ልጄ አምስት ዓመት ሲሞላት ይሄው ጉድጓድ ሰው አበቀለ።

"እማ፣ ውስጡ ሰውዬ አለ እኮ" አለችኝ። "ቁጭ ስል ከታች በእርጥብ እጁ ቂጤን ይመታኝና ይስቃል። ጫማዬንም ሊያወልቅብኝ ይጎትታል።"

እርጥብ እጅ ስትል ሰውነቴን ወረረኝ። ከዚያ በኋላ እኔም ስቀመጥ የሆነ ነገር ሊነካኝ የደረሰ ይመስለኝ ጀመር። እሷ ግን ጭራሽ መቀመጥ እምቢ አለች። ፖፖ ገዛሁላት።

"ፖፖውን የት ነው የምትደፊው?"

"እዚያው ነዋ።"

"እንግዲያው የእኔ መሆኑን ያውቃል። ተናዶ ወጥቶ ይመጣል።"

ፖፖውንም እምቢ አለች። ቀናት አለፉ። ሆዷ ተነፍቶ የቀሚሷ ቁልፍ አልዘጋ አለ። ምግብ ተወች። እዚሁ ጅማ ተወልደው ያረጁት አከራያችን መጥተው ሆዷን አሹላት።

"ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ? ምን ሆንሽ፣ ልጄ? ቢስሚላህ ብለሽ ግቢ፤ ወላሂ ምንም አይነካሽም!"

"እማማ፣ እሱ እኮ ቢስሚላህ ሲባል ይደበቅና ቁጭ ስል ተመልሶ ይመጣል" አለቻቸው። እሳቸው ሳቃቸውን በሻሻቸው ጫፍ ሸፈኑ፤ ለእኔ ግን ሳቅ የሚባል ነገር አልመጣልኝም።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሷ ሆዷን ጫን ጫን አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። "ፓፓያና ብዙ ውሃ ስጫት። እስከ ነገ ካልወጣላት ሆስፒታል ትወስጃታለሽ፤ በታች በኩል በቧንቧ ነው የሚወጣላት" አለችኝ። ልጄ ይህን ሰምታ ጭኔን ጨምድዳ ያዘች። ፓፓያውን በላች፤ ሽንት ቤቱን ግን ጥርሷን ነክሳ እምቢ አለች።

ከሰዓት ከሥራ መቅረት አልችልም ነበርና ይዣት ሄድኩ። ሥራዬ ቡና ለቀማ ነው። መጋዘን ውስጥ ሴቶች ተደርድረን ጥቁሩን ፍሬ፣ የተሰበረውንና ድንጋዩን ከደህናው እንለያለን። ካቦአችን ከአፉ ጫት የማይለይ ሰው ነው፤ ሲናገር አረንጓዴ ይረጫል። የለቀምነውን ለማየት ሲመጣ መጀመሪያ መዳፉን ይልሳል፤ ጥቁር እንዲጣበቅልኝ ነው ይላል። ከዚያ ጨበጥ አድርጎ እስከ ክርኑ ጆንያችን ውስጥ ይከተዋል። አንዲት ጥቁር ፍሬ ይዞ ከወጣ የለቀምነውን በሙሉ ካልተለቀመው ላይ ይገለብጠዋል። "እንደገና!" ይላል። ሁልጊዜም ይዞ ይወጣል። ያን ቀን የእኔን ገለበጠ። ምራቁ የነካውን ቡና ፍሬ በፍሬ በጥፍሬ ጫፍ መልሼ ለቀምኩ። ልጄ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀምጣ አንገቷን አስግጋ ታየው ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ጥያቄ ጀመረች።

"እማ፣ እየለቀማችሁ መነሳት ይቻላል?"

"አይቻልም።"

"ቀና ማለትስ?"

"እሱንም አይወድም። ምነው?"

ሆዷን ይዛ ቀስ እያለች ነበር የምትራመደው።

በማግስቱ ጠዋት ስነቃ አጠገቤ የለችም። ለቤት ብዬ ለቅሜ በጣሳ ያስቀመጥኩት ቡናም የለም። እየሮጥኩ ወጣሁ። ከጆንያው በር ማዶ ድምጿን ሰማሁና አፍንጫዬን ይዤ ቆምኩ።

"እንካ!" አለች። ቡናው ጉድጓድ ውስጥ ሲረግፍ ተሰማኝ። "ልቀም! ቀና እንዳትል! ጥቁር ካገኘሁ ወየውልህ!"

ቡናዬን! ልጮህ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ ማማጥ ሰማሁ፤ ከዚያም ሌላ ድምፅ። ድምፁንም ሽታውንም አልገልጸውም። ብቻ ቀፋፊ ነገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንባዬ መጣ፤ ከሽታው ይሁን ከደስታው እንጃ።

መሃል ላይ ቆም አለች።

"እስቲ አሳየኝ። ይኸው፣ ጥቁር አለ። እንደገና!"

ሁለተኛው እፍኝ ወረደ። አነጋገሯ ቁርጥ የካቦው ነበር፤ ንቀቱ እንኳ አልቀረም። ከሽታው ይልቅ ይሄ አቅለሸለሸኝ። ከእኔ አፍ ስንት ደህና ነገር ስትሰማ ኖራ ከዚያ ሰውዬ አፍ ይህን ለቅማ ትምጣ?

አውጥቼ ሳጥባት ፊቷ በርቶ ነበር።

"ሰውዬሽ ለቅሞ ጨረሰ?" አልኳት።

"አይጨርስም። ጥቁሩን እኔ ነኝ የምጨምርበት።"

"ይሄን ተንኮል ማን አስተማረሽ?"

"የመጋዘኑ ጋሼ ናቸዋ። ጥቁሩን እኮ መዳፋቸው ላይ ይዘው ነው እጃቸውን የሚያስገቡት። መሬት ቁጭ ብዬ ከታች አየሁት።"

ሳሙናው ከእጄ አመለጠ። እኛ ጥቁሩ አልታየንም እያልን ዓይናችንን ስንረግም ኖረናል። አንዷ ጓደኛችን ለመነጽር ብላ ዕቁብ ገብታለች።

ያን ቀን ካቦው ጆንያዬ ጋ ደረሰና መዳፉን ላሰ። እጁን ሊከት ሲል አንጓውን ያዝኩት። እርጥብ ነበር፤ ይለጠፋል። ግን አልለቀቅኩትም።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ መዳፍዎን ይዘርጉ።"

አልዘረጋም። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ከፈትኳቸው። ሁለት ጥቁር ፍሬ በምራቁ ተጣብቀው ተቀምጠዋል።